ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ክፍል ለሚጋራ የባህል ማኅበር፦ በነፃ፣ ወጪ በመጋራት ወይስ በኪራይ?

የአጎቴ ልጅ ከሚኖርበት የአውሮፓ ከተማ በቴሌግራም ደውሎ፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ጋሼ፣ ደስ ይበልዎ! ኤምባሲው ውስጥ ቤት በነፃ ሰጡን» አለኝ። ማኅበራቸውን አውቀዋለሁ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋና ከምንጃር የሄዱ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ ያስተምራሉ፤ በዓል ሲደርስ ከበሮው ይመታል፣ ሽለላው ይሰማል፣ ቡናው ይፈላል። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ከሃያ ዓመት በላይ የመንግሥት ቤት ውል ሳረቅ፣ ሳሳድስ፣ ሲፈርስም ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስታውን ለጊዜው አቆይቼ «ማነው የሰጣችሁ? ምን የሚል ወረቀት አላችሁ?» አልኩት። ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሰባት ጊዜ ተደዋውለን አማራጮቹን አንድ በአንድ አየናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገጥማቸው ሌሎች ማኅበራትም ስላሉ ያልነውን እዚህ አሰፍረዋለሁ። ብዙ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው «በሩን የሚከፍተው ማነው? የሚዘጋውስ?» ከሚለው ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ኤምባሲው ሕንፃውን ገዝቶታል ወይስ ተከራይቶታል? መልሱ ቀሪውን ድርድር ሁሉ ይለውጠዋል። ተከራይቶት ከሆነ ለእናንተ ክፍል መስጠቱ ተከራይቶ ማከራየት ወይም ለሦስተኛ ወገን ማስረከብ ነው። አብዛኛው የቢሮ ኪራይ ውል ይህን ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ይከለክላል። ስለዚህ ከሰላምታና ከምስጋና ቀጥሎ የሚጠየቀው «ዋናው ውል ይፈቅዳል ወይ? የዋናው ውል ዘመንስ መቼ ያልቃል?» የሚለው ነው። ኤምባሲው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት የሚለቅ ከሆነ እናንተ የአምስት ዓመት ውል ብትፈርሙ ወረቀቱ ቡና ማቅረቢያ ይሆናል እንጂ ቤት አይሆንም።

የመንግሥት ንብረት ከሆነም የሚፈርመው ሰው ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ይከተላል። አምባሳደሩ ናቸው? የአስተዳደር ኃላፊው? ከአዲስ አበባ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ ይፈልጋል? ይህን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። የሚፈርመውም ሰው ቢሆን በኋላ ከኦዲተር ጥያቄ የሚያድነው ይኸው ስለሆነ ደፍራችሁ ጠይቁ።

ሌሎች እንዴት ኖሩበት?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ የባህልና የትምህርት ተቋም የሆነው ብሪቲሽ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1934 ተቋቁሞ በ1940 የንጉሥ ቻርተር (የምሥረታ ሰነድ) ያገኘ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ አካል ነው። ከገቢው ብዙውን የሚያገኘው ከእንግሊዝኛ ትምህርትና ከፈተና ክፍያ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በውጭ ያሉትን መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ ጣራ ሥር ማሰባሰብን ፖሊሲው ስላደረገ በአንዳንድ አገር ካውንስሉና ኤምባሲው ግቢ ይጋራሉ፤ ወጪም ይካፈላሉ። እዚህ ላይ ስሱ ነገር አለ። በጎ አድራጎት ድርጅት ከድርሻው በላይ ከከፈለ ለትምህርት የተሰበሰበ ገንዘብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መብራት መክፈያ ይሆናል። ከድርሻው በታች ከከፈለ ደግሞ መንግሥት በበጀት ያልያዘው ድጎማ ይሆናል። የሁለቱም ወገን ሒሳብ ሹም ከወንበሩ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። የእናንተም ማኅበር ትንሽ ይሁን እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ፈረንሳዮች ለባህልና ለቋንቋ ተቋሞቻቸው ሁለት መንገድ አላቸው። «አንስቲቱ ፍራንሴ» የሚባለው በውጭ አገር በአብዛኛው የኤምባሲው ክንፍ ነው። «አሊያንስ» የሚባለው ግን በየአገሩ ሕግ የተቋቋመ የአካባቢ ማኅበር ነው፤ የአዲስ አበባው አሊያንስ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ አለ። ጀርመኖች የባህል ተቋማቸውን ጎተ ኢንስቲትዩትን በማኅበርነት አቋቁመው ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ጋር በ1976 በተፈረመ ማዕቀፍ ውል አስረውታል። ቻይናዎች የቋንቋና የባህል ማዕከላቸውን ኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩትን በአስተናጋጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አለ። ቤቱ የአስተናጋጁ ስለሆነ ኪራዩ ይቀላል፤ አስተናጋጁ ሐሳቡን ሲቀይር ግን መውጣት ይመጣል። ስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፓ የመጀመሪያውን ከፍቶ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ስምምነቱን ሳያድስ ቀረ።

የማኅበር ሰው ከዚህ የሚወስደው አንድ ጥያቄ ነው፦ እኛ የኤምባሲው ክንፍ ነን ወይስ በኤምባሲው ቤት የተቀመጥን የራሳችን ማኅበር? መልሱ ካልተጻፈ ሌላው ሰው እንደፈለገው ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ሩሲያ ከሞስኮ ውጭ ያሉት የብሪቲሽ ካውንስል ቢሮዎች እንዲዘጉ ስታደርግ ከክርክሩ ማዕከል አንዱ የተቋሙ ሕጋዊ አቋም ነበር። የየካቴሪንበርጉ ቢሮ ይሠራ የነበረው ከእንግሊዝ ቆንስላ ጋር ሆኖ ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር መሆኑ ከመዘጋት አላዳነውም።

የቪየናው ስምምነት ለእናንተ ምን ያደርጋል?

የ1961ዱ የቪየና ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 22 የኤምባሲ ግቢ እንዳይደፈር ይከለክላል፤ የአስተናጋጁ አገር ፖሊስ ያለ ሚሲዮኑ (የኤምባሲው) መሪ ፈቃድ አይገባም። አንቀጽ 23 ግቢውን ከግብር ነፃ ያደርገዋል፤ ለተሰጠ የተለየ አገልግሎት የሚከፈለው፣ እንደ ውሃና ቆሻሻ ማንሻ ያለው፣ ግን አይቀርም። አንቀጽ 41 ግቢው ከሚሲዮኑ ተግባር ጋር በማይስማማ መንገድ እንዳይውል ያዛል። የባህል ግንኙነትን ማዳበር በአንቀጽ 3 ከሚሲዮኑ ተግባራት አንዱ ሆኖ ስለተጠቀሰ እናንተ ከዚህ ጎን ትቆማላችሁ።

ሰዎች የሚሳሳቱት ይህ ጥበቃ ለማኅበራቸውም የተሰጠ ሲመስላቸው ነው። ጥበቃው የሚሲዮኑ ነው። ይባስ ብሎ እናንተ ላይ ይዞራል። ኤምባሲው በሩን ቢቆልፍባችሁ የከተማው ፍርድ ቤት ቢፈርድላችሁ እንኳ ከበሮአችሁን የሚያወጣ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ያንን በር አያልፍም። «ለተከራይ የሚያደላ ሕግ አለን» የሚሉ የአውሮፓ ዘመዶቻችን ይህችን ያስቡባት። አገር ቤት ያለነውም እንሳሳታለን። አንድ ወዳጄ «የኪራይ አዋጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አያስወጣቸውም» ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው፤ የማኅበር ቢሮን አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይሻገርም።

«በነፃ» የተባለው

በነፃ የሚሰጥ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰው እንጂ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። የዛሬው አምባሳደር ባህል ይወዳሉ፤ የሚተኳቸው ያንኑ ክፍል ለፋይል ማስቀመጫ ይፈልጉታል። ተከራይን ለማስወጣት ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። እንግዳን ለማስወጣት ፊት መንሳት ይበቃል።

እዚህ ከተማችን አንድ የኪነት ቡድን ነበረን። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ ከግቢው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች «ግቡባቸው» አሉን። ጣራው ያፈስ ነበርና አዋጥተን 22 ቆርቆሮ ከነምስማሩ ገዝተን አለበስነው። ሦስት ዓመት ያህል ቆየን። ከዚያ ኃላፊው ተዛወሩ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ስንሄድ በሩ ላይ የማናውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ሦስቱ ከበሮዎችና በገናው ከውጭ ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። የደብረ ብርሃንን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል። የከበሮዎቹ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ ላልቶ ጣት ሲነካው ይሰረጉድ ነበር። አቤት ልንል ስንገባ አዲሱ ኃላፊ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውል አላችሁ?» እውነቱን ለመናገር ሰውየው አልተሳሳቱም። ውል ጸሐፊው እኔ ሆኜ ለራሴ ቡድን ውል አልጻፍኩም። ቆርቆሮው እዚያው ቀረ።

በባለቤት ፈቃድ የተቀመጠ እንግዳ ዕጣ በአገራችን የቆየ ነው። አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የምትባል ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው ማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ መሬት ተቀብለው የምርምር ጣቢያ ያቋቋሙባት ናት። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞቱ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ጣቢያው ከነበረበት መሐል ዳር ላይ ቀረ። መሬቱ ንቅንቅ አላለም፤ የሰጪው ቅርበት ነው የራቀው።

በነፃ ከሆነ እንግዲህ ቢያንስ በመግባቢያ ሰነድ ይሁን። ሰነዱ ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይፈረም፤ ማኅተም ይኑረው፤ የስድስት ወር የመውጫ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት። ለእድሳት ያወጣችሁት በዓመታት ተከፋፍሎ፣ ቀድማችሁ ከወጣችሁ ቀሪው እንዲመለስ አድርጉ። «በነፃ ወስዳችሁ ደግሞ ይህን ትጠይቃላችሁ?» ካሏችሁ እንግዲያው ነፃ አይደለም፤ ዋጋው ገና አልተነገራችሁም ማለት ነው።

ወጪ መጋራት

እኔ ለአብዛኛው ማኅበር የምመክረው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ኤምባሲው «አከራየሁ» ከማለት ያድነዋል። ከግብር ነፃ በሆነ ግቢ የኪራይ ገቢ መሰብሰብ «ይህ ክፍል አሁንም ለሚሲዮኑ ሥራ እየዋለ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአስተናጋጁ አገር ሊያስነሳ ይችላል፤ የወጣ ወጪን መተካት ግን ቀለል ይላል። ሁለተኛ፣ የምትከፍሉት ነገር ስላለ የምትጠይቁት ነገርም ይኖራችኋል።

ድርድሩ ያለው ቀመሩ ላይ ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር የሠራነውን በምሳሌ ቁጥር ላሳያችሁ። ሕንፃው 800 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ የመብራት፣ የማሞቂያ፣ የውሃ፣ የጥበቃ፣ የጽዳትና የመድን ወጪው በዓመት 120,000 ዩሮ። ማኅበሩ ለብቻው የሚይዘው 40 ካሬ ሜትር ክፍልና የሚጋራው 100 ካሬ ሜትር አዳራሽ አለ። ሒሳብ ሹሙ ሁለቱን ደምሮ 140 ካሬ ሜትር ይላል፤ ይህ 17.5 በመቶ ነው፤ በዓመት 21,000 ዩሮ። አዳራሹን ግን ማኅበሩ የሚጠቀመው በሳምንት ክፍት ከሚሆንባቸው 50 ሰዓታት 10ሩን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቆጠርበት 20 ካሬ ሜትር ነው። ከክፍሉ ጋር 60 ይሆናል፤ 7.5 በመቶ፤ 9,000 ዩሮ። በአንድ አረፍተ ነገር 12,000 ዩሮ ወረደ። ይህን ያመጣው «በሰዓት ይቆጠር» የሚለው ቃል እንጂ ልመና አይደለም።

ከዚያ «ክፍሉን ለምን ፈለጋችሁት?» አልኩት። «ዕቃ ማስቀመጫ» አለኝ። ከበሮ፣ ሞሰብ፣ የልጆች መጻሕፍት፣ ሁለት የመንዝ ባና። ለዚያ 40 ካሬ ሜትር ምን ያደርጋል? የሚቆለፍ ቁምሳጥን ኮሪደር ላይ ጠይቁ አልኩት። አዳራሹ ብቻ ሲቀር 2.5 በመቶ፣ 3,000 ዩሮ ሆነ።

ቀመሩ ውስጥ የማይገቡትን ግን ለይታችሁ ተቀበሉ። ለእናንተ ሲባል ቅዳሜ የሚመጣ ጥበቃ ካለ የእሱን ትርፍ ሰዓት ሙሉውን እናንተ መክፈላችሁ ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ አትከራከሩ፣ ያስተዛዝባል። በአንጻሩ የቆንስላ መስኮት፣ የዲፕሎማት መኪና ማቆሚያ፣ የምስጢር ክፍል ካሜራ የእናንተ ወጪ አይደሉም፤ ከ120,000ው ውስጥ ተነቅሰው ይውጡ። ማሞቂያውን ለይታችሁ እዩት። እኛ ብርድን በበርኖስና በባና ስለምናሸንፈው የማሞቂያ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚያብጥ አንገምትም። የዓመት ጭማሪ ጣሪያ ይኑረው፤ ደረሰኝ የማየት መብትም ይጻፍ።

የገበያ ኪራይ፣ በዓይነት መክፈል፣ ውጭ መከራየት

በገበያ ዋጋ፣ ምናልባት በቅናሽ፣ መከራየት የሚያዋጣው ገቢ ላለው ተቋም ነው፤ የቋንቋ ትምህርት በክፍያ ለሚሰጥ፣ ፈተና ለሚፈትን። ለእንዲህ ያለው ቋሚ ኪራይ ራሱ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ የማስተማሪያና የፈተና ማዕከላት ሲዘጉ ብሪቲሽ ካውንስል ገቢው ወድቆ ከመንግሥቱ ብድር እስከመውሰድ ደርሷል። ስለዚህ ከገቢ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ክፍያ፣ ወይም ሕንፃው በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ ክፍያ የሚቆምበት አንቀጽ ይኑር። አገር ቤትም ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ሆናችሁ የተመዘገባችሁ ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበትና የቢሮ ኪራይም እዚያው ውስጥ እንደሚቆጠር አትርሱ።

በዓይነት መክፈል ማለት «ክፍሉን ውሰዱ፣ በበዓል ቀን ዘፈን አቅርቡልን» ነው። ያማረ ይመስላል። የአድዋ በዓል፣ እንቁጣጣሽ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የሌላ እንግዳ አቀባበል እያለ ዘፋኞቹ ከሥራ ፈቃድ መለመን እስኪሰለቻቸው ይቀጥላል። በዓመት አራት ዝግጅት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ሲጠየቅ፣ ከዚያ በላይ ያለው ይህን ያህል ዋጋ ተብሎ ካልተጻፈ አትግቡበት።

ውጭ መከራየትን ሰዎች ሳያሰሉ ይዘሉታል። የሰፈር አዳራሽ በሰዓት 25 ዩሮ ቢሆን፣ ለቅዳሜው ትምህርት ብቻ በሳምንት አራት ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ 4,000 ዩሮ ነው። ከ9,000ው በብዙ ይረክሳል። ሌላም ነገር አለው፤ እሱን ስልክ ላይ ቶሎ አልተናገርነውም፣ ሁለታችንም ዙሪያውን ዞርን። ከመንግሥት ጋር የተቀያየመ፣ የኤምባሲ በር አልረግጥም ያለ አባል አለ። አንዳንዱ ቅሬታ አለው፣ አንዳንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዳንዱ መታወቂያ ማስመዝገብና መፈተሽ አይወድም። ከአባላቱ ሲሶው ልጁን ይዞ የማይመጣ ከሆነ የአማርኛ ትምህርት ቤቱ ተከፈለ ማለት ነው። በዚህ ላይ አልመክርም፤ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ፣ እጅ አውጥታችሁ ሳይሆን በምስጢር ድምፅ ሰጥታችሁ እወቁት። ውጤቱ ክፉ ከሆነ 3,000ውም ውድ ነው።

ውሉ ላይ የሚረሱ ነገሮች

በር። ቅዳሜ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ሰዓቱ በአበሻ ነው በፈረንጅ? የስም ዝርዝር ከስንት ቀን በፊት ይላካል? የአስተዳደር ኃላፊው በሌሉበት ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ይህ በአባሪ ካልተጻፈ ሠላሳ ሕፃን በረዶ ላይ ቆሞ ጠባቂው ስልክ ሲደውል ታያላችሁ።

ቡና። በሳቅ አትለፉት። ከሰልና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ የኤምባሲ በር ላይ ቆሞ «እንግባ ወይስ አንግባ?» ይላል። ቡና የሚፈላበት ቦታ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ መሆኑ፣ ዕጣኑ ከደጅ መሆኑ ይጻፍ። የደብረ ብርሃን አረቄ ይዤ እመጣለሁ ለሚለውም አጎት የአልኮል ደንብ ይኑር።

ቀን። አንድ ውል ላይ «እስከ 2020 ድረስ ይጸናል» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የፈረንጁ የመድን ሠራተኛ ቢያነበው ያለፈበት ውል ነው። ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። የኤምባሲው በጀት ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ጭማሪም እድሳትም ከዚያ በፊት፣ ሚያዝያ አካባቢ ይነሳ፤ ሰኔ ላይ የሚሰማችሁ የለም።

ገንዘብ። ክፍያውም መዋጮውም በምትኖሩበት አገር ገንዘብ ይሁን። ከአገር ቤት በብር የሚላክ መዋጮ ላይ የተመሠረተ ማኅበር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ ምን እንደደረሰበት ያውቃል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

አለመግባባት። ፍርድ ቤት እንደማይረዳችሁ አስቀድሜ ብያለሁ። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ከእነሱ አንድ ከእናንተ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ የሚመርጡት፣ ይጻፍ። ሽምግልናው ሳያልቅ በር አይቆለፍም፣ ዕቃም አይወጣም የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለብቻው ቁጥር ይሰጠው።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን የተፈረመውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አዳራሹ በሰዓት ተቆጥሯል፣ ማስጠንቀቂያው ስድስት ወር ጠይቀው አራት ወር ሆኗል፣ የጥበቃው ትርፍ ሰዓት እነሱ ላይ ነው። ክፍሉን ትተውታል። ከኋላው የዕቃ ርክክብ ዝርዝር ተያይዟል፤ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ሞሰብ፣ ረከቦት፣ ፊደል ገበታ። ተራ ቁጥር 14፦ «ከበሮ፣ ቆዳው ያልላላ፣ 1»። ይህችን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።